ይቅርታውም በሰው ፊት ነው

የእትዬ ጥሩወርቅን ሞት የሰማሁት ሥራ ቦታ፣ የአንድ ሽማግሌ ሸሚዝ እየቆለፍኩ ሳለሁ ነው። ኃላፊያችን ነርስ ሱሃ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሱሃ ነገር ማሽሞንሞን አታውቅም፤ ክፉም ሆነ ደግ እንደ ወረደ ነው የምትናገረው። ያን ቀን ግን የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፌ ኮሌታውን እስካስተካክል ድረስ ጠበቀችኝ።

"የጥሩ ልጅ ደውላ ነበር" አለችኝ በመጨረሻ። "ጥሩ ዛሬ ጠዋት ዐረፈች። በእንቅልፏ ነው።"

ሥራ ቦታ ነጮቹም ዓረቦቹም ስማቸውን መጨረስ ስለሚከብዳቸው "ጥሩ" ብቻ ይሏቸው ነበር። ትርጉሙን አያውቁትም። አንድ ቀን ለሱሃ፣ "በእኛ ቋንቋ እኮ እንደ ዕብራይስጡ 'ቶቫ' ማለት ነው" ስላት፣ ሳቀችና "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አላችሁ?" አለችኝ። ዝም ማለት ልማዳችን ነው።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማንሳትም ልማዳችን ነው። እኔ ግን እትዬ ጥሩወርቅ ቁጡ ሴት ነበሩ ብዬ ብጀምር የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። ራሳቸውም ስለ ራሳቸው ሲያወሩ የሚጀምሩት ከዚያ ነበር። "እኔ የተወለድኩት እሳት ይዤ ነው" ይሉ ነበር። "እሳት መያዝ ኃጢአት አይደለም። የት እንደምታስቀምጪው አለማወቅ ነው ኃጢአቱ።"

ወደምሠራበት የአረጋውያን ቤት የገባሁት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ቤቱ በካርሜል ተራራ ወገብ ላይ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሲሆን፣ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሆኖ ለሚያይ ወደቡና የመርከቦቹ ማራገፊያ ክሬኖች ወለል ብለው ይታያሉ። የተመደብኩት እዚያው ላይኛው ፎቅ፣ ሐሳባቸው የሸሻቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያሉበት ክፍል ነበር። ከዚያ በፊት ክርያት ሞጽኪን በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጽዳት ነበር የምሠራው። ማሽን አይሳደብም፤ አይቧጭርም። እዚህ ግን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ያኮብ የሚባሉ ሽማግሌ እጄን ጠምዝዘው ያዙና "ሌባ! ሰዓቴን!" ብለው ጮኹብኝ።

"አልወሰድኩም! እኔ ገና አሁን መግባቴ ነው!" አልኳቸው፤ ጮኼ።

እሳቸው ባሱ። እኔም ባስኩ። ያኔ አንዲት ቀጭን፣ ቁመተ ረዥም ሠራተኛ፣ ጭንቅላታቸው ላይ አረንጓዴ ሻሽ ጠምጥመው፣ ሳይቸኩሉ መጡ። ወደ እኔ አላዩም። ከያኮብ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሙና በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው፣ "ሰዓት ሲጠፋ ያናድዳል። በጣም ያናድዳል። ና እንፈልግ" አሏቸው።

ያኮብ እጄን ለቀቁ። ሁለቱ ተያይዘው አልጋ ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ጫማ ውስጥ ሲፈልጉ ቆዩ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈልገው ሲያበቁ ያኮብ ደከማቸው፤ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

"ሰዓቱስ?" አልኳቸው እትዬ ጥሩወርቅን ኮሪደር ላይ ስንወጣ።

"ሰዓቱ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በየቀኑ ነው የምንፈልገው።"

"ታዲያ እንደሌለ ለምን አይነግሯቸውም?"

"የፈራ ሰው ክርክር አይገባውም፣ ልጄ። ወደብ ላይ አርባ ዓመት በሰዓት ሲሠራ የኖረ ሰው ሰዓቱን ሲያጣ ምን እንደሚሆን አስቢው። ደግሞ ሁለተኛ ፊት ለፊት እንዳትቆሚ። ግንባር ለግንባር የሚገጥም በሬ ብቻ ነው። ጎኑ ቁሚ፤ እሱ የሚያየውን እዪ።"

ትውውቃችን ይኸው ነው። ስሜን እንኳ የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው። "ፈንታነሽ" አልኳቸው። "ከወዴት ነሽ?" ሲሉኝ ጎንደር ከተማ ውስጥ ወደዚህ አገር ለመምጣት ስምንት ዓመት ጉዞ እየጠበቅን እንደኖርን ነገርኳቸው። "ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ከያኮብ ጋር ሰዓት መፈለግ አይከብደውም" ብለው አለፉ።

ስለ ሻሻቸው ልንገራችሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ሲቆጡ ድምፃቸው አይለወጥም፤ አንገታቸው ግን ይቀላል። ያኔ ቀና ይሉና፣ አጠገባቸው ላለው ሰው፣ "አሁን ተናድጃለሁ። ሻሼን አስሬ እመጣለሁ" ይላሉ። ወደ መልበሻ ክፍል ይገባሉ፣ ሻሹን ይፈታሉ፣ ያራግፉታል፣ እንደገና እጥፍጥፍ አድርገው ያስሩታል። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ተመልሰው የተጀመረውን ነገር ካቆሙበት ይጨርሱታል። ሱሃ እንኳ፣ "ጥሩ የት ናት?" ስትባል "ሻሿን እያሰረች ነው" ስትል፣ ሁላችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

መጀመሪያ ላይ ኩርፊያ መስሎኝ ነበር። ደፍሬም ጠየቅኋቸው።

"ኩርፊያማ በር ዘግቶ መሄድ ነው" አሉኝ። "ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ሦስት ቀን ፊት ታዞሪበታለሽ። የእናቴ ኩርፊያ አንድ ክረምት ይፈጅ ነበር። እኔ የምሄደው ግን ተመልሼ እመጣለሁ ብዬ ነው። ቀጠሮ ይዤ ነው የምናደደው።"

እኔ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። መናደድ በቀጠሮ እንደሚሆን ሰምቼ አላውቅም። ያደግሁት "ሆድ ይፍጀው" እየተባለ ነው። ሆድ ሲፈጅ ደግሞ ምን እንደሚሆን የሚነግርሽ የለም።

አንድ ቀን የአንዲት አሮጊት ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ ኮሪደሩ መሐል ቆሞ እትዬ ጥሩወርቅ ላይ ጮኸ። በእናቱ ክንድ ላይ ያለ ሰማያዊ ምልክት አይቶ ነው። ምልክቱ ደም የተወሰደበት ነበር። ሰውየው ግን መጠየቅም አልፈለገ። "ከጫካ እያመጡ እናቴን ያስጠብቋታል!" አለ። እኔ ደሜ ፈላ።

እትዬ ጥሩወርቅ በዝግታ፣ "ድምፅህን ዝቅ ስታደርግ እመልስልሃለሁ። እስከዚያ እዚሁ ነኝ" አሉት።

ቀጠለ። ቆሙ። ሲደክመው ዝም አለ። ያን ጊዜ፣ "አሁን እኔ ተናድጃለሁ። አምስት ደቂቃ ስጠኝ፤ ከዚያ ስለ ክንዷ እነግርሃለሁ" ብለውት ሄዱ። ሻሻቸውን አስረው ሲመለሱ ሰውየው አልሄደም ነበር። የደም ምርመራውን ወረቀት አሳዩት፤ እናቱ ጠዋት ምን እንደበላች፣ ምን ያህል ውኃ እንደጠጣች፣ ማን ብላ እንደተጣራች ሁሉ ነገሩት። ያን ጠዋት የተጣራችው እሱን ነበር።

እኔ ግን በእሳቸው ተናደድኩ። "እንዴት ዝም ይሉታል? ያን ስድብ እንዴት ይውጡታል?"

"ማን ዋጠ? ገና መቼ ተናገርኩና!"

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀጠሮ አስይዘው ሰውየውን አስጠሩት። እኔ ምስክር ሆኜ ገብቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወይ ልቅሶ ወይ ጩኸት ይመጣል ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተቀምጧል። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ "ትናንት ከጫካ የመጣች ብለኸኛል። ያ ቃል አሞኛል፤ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ሄዷል። ስለ እናትህ የፈለግኸውን ጠይቀኝ፤ መብትህ ነው። ስለ እኔ ግን እንደዚያ አትናገርም" አሉት። በቃ። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ሰውየው ቀላ። ጠረጴዛውን እያየ የሆነ ነገር አጉተመተመ፤ "ስሊኻ" የምትለዋን የይቅርታ ቃል ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አልሆኑም። ግን በመጣ ቁጥር በስማቸው ጠርቶ ሰላም ይላቸው ነበር።

ወደ ላይ በደረጃ ስንመለስ፣ እስከ ዛሬም የማልረሳውን ነገር ነገሩኝ። "እኛ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ እንውጣለን፣ ወይ እንተፋለን። መሐሉ ላይ ማኘክ የሚባል ነገር አለ እኮ! ሌሊቱን ሙሉ ሳኝከው አደርኩ፤ ጠዋት ለመናገር አነሰችልኝ።"

ይህን ከየት እንደተማሩት የነገሩኝ በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እንደ ሌላው ሰው አድበስብሰው አልነገሩኝም።

ወደ አገሩ የገቡ ሰሞን ኔቬ ዮሴፍ የሚባል ሰፈር ነበር የሚኖሩት። ባላቸው በሽተኛ፣ ልጆቹ አምስት፣ እሳቸው ሁለት ቦታ ጽዳት። የመጀመሪያ ልጃቸው ያፋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ልጅቷ ዕብራይስጡን በስድስት ወር ለቃቅማ ባንኩም፣ ሐኪሙም፣ ቢሮውም ጋ የምታስተረጉመው እሷ ሆነች። "በልጄ አፍ የምናገር ሴት ሆንኩ" አሉኝ። "ያ ውርደት ነው መሰለኝ፣ በእሷው ላይ የምወጣው።" አንድ ቀን በቀበቶ ገረፏት። ልጅቷ በማግሥቱ ለአስተማሪዋ ነገረች። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታቸው መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ በልጅቷ ላይ ተነሣ፤ "እናቷን ለመንግሥት የሸጠች" አላት። ዋሽታ ነው ያለም ነበር። እትዬ ጥሩወርቅም ያን ጊዜ ዝም አሉ። "ልጄ ውሸታም ስትባል ዝም ማለቴ ከቀበቶው ይብሳል" አሉኝ፤ ይህን ሲናገሩ ምሳቸውን አስቀምጠው ነበር።

ከዚያ በግድ መትናስ፣ ማለትም የሰፈሩ ማኅበረሰብ ቤት፣ ለእናቶች የሚሰጥ ትምህርት ገቡ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተቀመጡ። በአራተኛው አማርኛ ተናጋሪዋ አስተማሪ፣ "ንዴት ሲመጣ ከሰውነትሽ የት ላይ ነው የሚሰማሽ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ሳቅሁባት" አሉኝ። "ይቺ ደግሞ ሐኪም ናት እንዴ? ንዴት ቁርጥማት ነው እንዴ ቦታ ያለው? ብዬ ቤቴ ገባሁ። የዚያኑ ዕለት ግን ከልጆቹ አንዱ ወተት ደፋ። እጄን ሳነሣ፣ አንገቴ ላይ፣ ሻሼ የታሰረበት ቦታ ላይ እንደ ገመድ ሲያንቀኝ ተሰማኝ። 'እንዴ፣ ይኸው! ቦታ አለው!' አልኩ። ሻሼን ፈታሁት። ልጁ ደንግጦ ያየኛል። እንደገና እስካስረው ድረስ እጄ ሥራ አገኘ።"

ይኸው ነው የሻሹ ታሪክ። ትምህርቱ ሲያልቅ ከቡድኑ የመጨረሻ የወጡት እሳቸው ናቸው፤ አስተማሪዋን እየለመኑ ሁለተኛውን ዙርም ተማሩ።

እኔ ይህን ሁሉ እሰማለሁ፣ አደንቃለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን ያው ነኝ። ቀን የዋጥኩትን ማታ እተፋዋለሁ። የምተፋባት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ልጄ ሺራ። ከአባቷ ጋር ከተለያየን ቆይቷል። ሺራ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ተደውሎ "ልጅሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አትገባም" ተባልኩ። ቤት ስደርስ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ታያለች። በቀስታ ነበር የጀመርኩት፤ እምላለሁ። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ በዕብራይስጥ፣ "አንቺ ምንም አይገባሽም" አለችኝ።

ያኮብ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ሌባ ብለውኛል። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከእኔ ወዲያ አሽሽታለች። ሁሉንም ውጬ ነው የመጣሁት። "ምነው ሳልወልድሽ በቀረሁ!" አልኩና እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ስባሪው ዘሎ ቁርጭምጭሚቷን ቆረጣት።

ሺራ አልጮኸችም። ደሙን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ካልሲዋን በላዩ ላይ ሳበች፣ ቦርሳዋን አነሣችና እህቴ ጋ፣ ክርያት ሞጽኪን ሄደች።

በማግሥቱ እትዬ ጥሩወርቅ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ልጅ ናት፣ ይረሳታል" የሚሉኝ መስሎኝ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያለኝ እንደዚያ ነው።

"አይረሳትም" አሉኝ። "ግን ልታስተካክዪው ትችያለሽ። ምን ልትያት አስበሻል?"

"እንጃ። ሄጄ አመጣታለሁ።"

"በግ ናት እንዴ የምታመጫት? ነይ ወዲህ።"

ወደ አንሶላ ክፍሉ ይዘውኝ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ጋደም አሉ፣ እግራቸውን አነባበሩ፣ ስልካቸውን አውጥተው አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት። "እኔ ሺራ ነኝ። በይ ተናገሪ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ኧረ ምን…"

"እትዬ የሚባል ሰው አላውቅም!" አሉኝ በዕብራይስጥ፤ ያውም የልጆቹን አነጋገር አስመስለው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። "እሺ ሺራ" አልኩ፤ "ትናንት ያደረግሁት ልክ አይደለም። ግን አንቺም ትምህርት ቤት…"

ስልኩን አስቀምጠው ቀና አሉ። "አየሽ? ገና ከመግባትሽ ወጣሽ። 'ግን' ስትዪ ይቅርታውን ከእጇ ላይ መልሰሽ ነጠቅሻት። እንደገና!"

አምስት ጊዜ ሞከርኩ። በአምስተኛው መናገር አቃተኝና አንሶላው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ጎኔ ተቀምጠው የትራስ ልብስ ማጠፍ ጀመሩ። እኔም እያለቀስኩ አጠፍኩ።

የዚያን ሳምንት እህቴ ቤት ሄድኩ። የተለማመድኩትን ሁሉ ረሳሁት። ይቅርታ አልኳት፤ ከዚያ ግን ስንት ሰዓት እንደምሠራ፣ ብቻዬን እንዳሳደግኋት፣ ለእሷ ብዬ ምን ምን እንደተውኩ ዘረዘርኩላት። ሺራ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀችም። "ሂጂ፣ እማ" አለችና የመኝታ ቤቱን በር ዘጋችው። እህቴ ጋ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ልጄን ያጣኋት መሰለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው ያ ነገር የመጣው። ያኮብን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ምግብ አዳራሹ አድርሼ ፍሬኑን ሳልይዝ ዞር አልኩ። ሐሳቤ ክርያት ሞጽኪን ነበር። ወንበሩ ተንሸራተተ፤ ያኮብ ሊወድቁ ሲሉ እትዬ ጥሩወርቅ ደርሰው ያዟቸው። ያዟቸውና ዞረው ጮኹብኝ። ሻሽ የለ፣ ቀጠሮ የለ። በአማርኛ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ባለበት፣ "አንቺ ደንቆሮ! ሰው አትሆኚም አንቺ! ልጅሽም የሸሸችሽ ወዳ አይደለም!" አሉኝ።

አማርኛውን የሰማነው ሦስት ብቻ ነን። ድምፁን ግን ሁሉም ሰምቷል። ሹካ ያነሣ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ ጥለው ወጡ፤ በዚያ ቀን አልተመለሱም። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በውስጤ፣ "ይኸው፣ እሳቸውም ያው ናቸው። ሁሉም ወሬ ነበር" አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ እፎይታም ተሰማኝ። እሳቸው ካልቻሉት እኔ ባልችል ምን ይደንቃል?

በማግሥቱ ጠዋት፣ የሌሊቱ ፈረቃ ለቀኑ ሲያስረክብ፣ ሁላችንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ነበርን። ሱሃ አለች፣ ምግብ አብሳዩ አለ፣ አራት አምስት ሠራተኛ አለ፤ ያኮብም ገንፏቸውን ይበላሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ገቡ። የቆምኩበት መጥተው ቆሙ። መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ።

"ትናንት እዚህ ቦታ ላይ ፈንታነሽን ሰድቤያታለሁ። ደንቆሮ ብያታለሁ፤ በልጇም ነክቻታለሁ። ስድቡ በሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ፈንታነሽ።"

እናንተ እስቲ አስቡት። በእኛ ደንብ ትልቅ ሰው ከተቀየመ ታናሹ ነው ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባው። ተንደርድሬ ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። "ኧረ እትዬ፣ በእግዜር! ጥፋቱ የእኔ ነው! እርስዎ እኮ እናቴ ማለት ነዎት!"

ክንዴን ይዘው ቀና አደረጉኝ። "እናትሽ ብሆንማ ይብሳል" አሉኝ።

ያቺ ቃል የት እንደገባች እኔ ነኝ የማውቀው።

"የወንበሩ ጥፋት አለብሽ" ብለው ቀጠሉ፤ "እሱን ኋላ ለብቻው እናወራዋለን። ከስድቡ ጋር አናቀላቅለውም።" ኋላም አወራነው። ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ነክቶ ማየትን አስተማሩኝ። በጮኹብኝ ቀን ከሐኪም ቤት እንደመጡና ልባቸው እንደደከመ እንደተነገራቸው ያወቅሁት ከብዙ ወራት በኋላ ከሱሃ ነው። ያን ጠዋት አላነሡትም። ምክንያት ነበራቸው፤ ቢናገሩት ሁላችንም እናለቅስላቸው ነበር። በይቅርታው ውስጥ ግን አላስገቡትም።

የዚያኑ ቀን ከሥራ በቀጥታ ክርያት ሞጽኪን ሄድኩ። ሺራ ከእህቴ ሕንፃ በታች፣ መጫወቻ ቦታው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ፊት ለፊቷ አልቆምኩም፤ ጎኗ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ዥዋዥዌውን እናያለን።

"ባልወለድኩሽ ብዬሻለሁ" አልኳት። "ብርጭቆ ወርውሬ እግርሽን አቁስያለሁ። ፈርተሽኝ ከቤትሽ ወጥተሻል። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ከዚያ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ዝምታ የለም። አፌ ውስጥ የተሰለፈው ማብራሪያ ብዛቱ!

"ጨረስሽ?" አለችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

"ጨረስኩ።"

"ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ አትነግሪኝም?"

"አልነግርሽም።"

ከዚያ ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ ቁስሉን አሳየችኝ። ቀጭን መስመር ሆኗል። "አሁን አያምም" አለች። "ያኔ ነው ያመመኝ።"

"አውቃለሁ" አልኩ።

ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ ወደ ቤት መጣች። ትምህርት ቤት ለምን እንደቀረች የነገረችኝ ከወር በኋላ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች። ምን እንደነበር አልነግራችሁም፤ የእሷ ነው። ግን አንዴም ሳላቋርጥ ሰማኋት። ትምህርት ቤቷ ወርጄ ከአስተማሪዋ ጋር ስነጋገርም ድምፄ አልጮኸም፤ አልጠፋምም።

ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም ማለት አይደለም። እኔም እሳት አለኝ፤ ሺራም ከእኔ ወርሳለች። ግን ብርጭቆ አልተሰበረም፤ በር ተዘግቶም አላደረም።

እትዬ ጥሩወርቅ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥተው ክርያት አታ ይኖሩ ነበር። ለሰባቱ ቀን ሐዘን፣ ለሺቫው፣ ስሄድ ሺራ ከምታገለግልበት ጦር ፈቃድ ላይ ስለነበረች አብራኝ መጣች። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል፣ የልጅ ልጆቹ ወለሉ ላይ። ያፋን እዚያ ነው በቅርብ ያገኘኋት፤ ያቺ የተገረፈች ልጅ አሁን አርባን ልትሞላ የደረሰች ነርስ ናት። እናቷ ስለ እሷ ያጫወቱኝን ልደብቃት ፈለግሁ። እሷ ግን ቀደመችኝ።

"ቀበቶውን ነግራሻለች አይደል?" አለችኝ።

"ነግረውኛል" አልኩ፤ አፍሬ።

"ለሁሉም ትናገር ነበር። ሠርጌ ላይ ለአማቴ ነግራታለች። መጀመሪያ ላይ መሬት ቢውጠኝ ብዬ ነበር። ኋላ ላይ ግን ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ ውሸታም ሲለኝ ነው ያደግሁት። እናቴ በተናገረች ቁጥር፣ 'ልጄ እውነቷን ነበር' እያለች ነው።" ዓይኗን ጠረገች። "በሥራዋ ግን ምን እንደነበረች አናውቅም። እባክሽ ተነሥተሽ ንገሪን።"

በሽማግሌ ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ተነሣሁ። "ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው" አልኳቸው፤ "ፈርቼ ነው። ግን እናገራለሁ።"

"ተናገሪ ልጄ" አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፤ "አንቸኩልም።"

ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ወለሉ ላይ ያሉት የልጅ ልጆች እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ፤ አማርኛው አይገባቸውም። ሺራ ሳልጠይቃት ተነሥታ ጎኔ ቆመች፤ እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትደግማለች። ያኮብን ተረጎመች፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የተባለውን ተረጎመች፤ ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ስለ ራሴ ቤት መናገር የግድ ሆነብኝ። "ልጄን ባልወለድኩሽ ብያት ነበር፤ ብርጭቆም ወርውሬባት ነበር" አልኩ።

ሺራ መተርጎሟን አቆመች። ዞራ አየችኝ፤ "ልበለው?" የሚል ዓይን ነበር። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁላት።

አንድም ቃል ሳትዘል ተረጎመችው።